የጋሼ ታደለ የጨው ቀማሾች

ሐኪም ጨው የከለከለው ሰው ቀኑን ሙሉ ጨው ሲመጥን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ አይቻለሁ። ጡረተኛው የታክሲ ሹፌር ጋሼ ታደለ፣ ማንግሮቭ የሚባለውን፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን የባሕር ዳርቻ ዛፍ፣ ምን ያህል ጨው እንደሚችል ለማየት በሦስት ብልቃጥ ያበቅላሉ። አንዱ ውሃ ጨው የለውም፣ አንዱ መጠነኛ ነው፣ አንዱ ብዙ አለው። መለኪያ መሣሪያ? ምን ሲደረግ! እንደ ወጥ መዳፍ ላይ ጠብ ተደርጎ ይቀመሳል። እሳቸው ስለተከለከሉ የሚቀምሰው ያገኙት ሰው ነው። ትስቁ ይሆናል፤ እኔም ስቄ ነበር።

አንድ ቀን ገና መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ አንዱን ብልቃጥ ከነችግኟ ይዘው መጡና መዳፌ ላይ ጠብ አደረጉልኝ። ስቀምሰው ፊቴ ተጨማደደ።

«ጋሼ፣ ይሄማ ጨው ብቻ ነው! መጠነኛው ውስጥ ያለችው ተመንድጋለች፤ ይቺ በስድስት ወር ሁለት ቅጠል? ለምን አይጥሏትም?»

ትኩር ብለው አዩኝ።

«አንተ አንዲት ጠብታ ቀምሰህ እንዲህ ሆንክ። እሷ ስድስት ወር ውስጡ ቆማ ሁለት ቅጠል አወጣች። ታዲያ ከሁለታችሁ ማንን ልጣል?»