የመምህር ሸውኪ «እንደደረሰኝ»

ሐሰተኛ ወሬ የሚነዛው ያልተማረ ሰው ይመስላችኋል? ተሳስታችኋል። የሚነዛው ስለ ሐሰተኛ ወሬ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀቱን ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየትም ትምህርት ቤት አይጠፋም። የእኛው የግብፅ ከተማ፣ የደመንሁር ትምህርት ቤቱ ደግሞ ክቡር መምህር ሸውኪ ናቸው።

ካይሮ ሠልጥነው ሲመለሱ የሚዲያ አጠቃቀም ትምህርትና አዲሱ ስማርት ቦርድ አብረው ተሰጧቸው። ቦርዱን ተረከቡት እንጂ አልከፈቱትም። የፋብሪካ ላስቲኩን የነካ ተማሪ ወዮለት። ቤታቸውም ሪሞቱ፣ የፍሪጁ እጀታ፣ ሶፋው ሳይቀር በላስቲክ እንደተጠቀለለ ይኖራል፤ እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ የስማርት ቦርድ አጠቃቀምን በጠመኔ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ሥለው ያስተምራሉ።

ትምህርታቸው ግን መጥፎ አልነበረም። ማን ላከው፣ ፎቶው መቼ ተነሳ፣ የት ተነሳ ብላችሁ ሳትጠይቁ ለማንም እንዳታስተላልፉ እያሉ ልጆቹን በቃል ያስጠኗቸዋል። ደወል ሲደወል ግን እሳቸው ራሳቸው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ገብተው ስልካቸውን ያወጣሉ። የሽንኩርት ጭማቂ ስኳር በሽታን ያጠፋል፤ ነገ ፀሐይ አትወጣም፤ ሁሉንም ይልካሉ፤ ከሥሩም «እንደደረሰኝ» ብለው ይጽፋሉ። አንድ ቀን አረጋግጠውት እንደሆነ ብጠይቃቸው ተቀየሙኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ መቼ ጻፍኩት? እንደደረሰኝ ነው ያልኩት።»

ባለፈው ዓመት የታረዱ አህዮች ፎቶ ደረሳቸው። ከትምህርት ቤታችን በር ላይ ያለው የጥብስ መሸጫ ጋሪ የሚጠብሰው የእነዚህን ጉበት ነው ይላል ጽሑፉ። ጋሪው የሐጅ በዩሚ ነው፤ የሐጅ በዩሚ ልጅ ሻሂናዝ ደግሞ የራሳቸው የሸውኪ ተማሪ ናት። መምህራችን መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ ለመምህራን፣ ለወላጆች፣ ለአክስቶቻቸው አዳረሱት። ሐጅ በዩሚ ከመጥበሻው ፊት ብቻውን ዝንብ እሽ ሲል ይውል ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ለጋሪው ገዢ እያፈላለገ መሆኑን ሰማን።

ጠመኔ ልበደር ክፍላቸው በገባሁ ዕለት ሻሂናዝ ተነስታ ቦርዱን ልጠቀም ብላ ፈቃድ ጠየቀች። እሳቸው «ላስቲኩን…» እያሉ እሷ ቀደደችው። ያንን ፎቶ ከፍታ አጎላችው። ከአህዮቹ ጀርባ ያሉት ጣሪያዎች ሁሉ በበረዶ ነጭተዋል።

«ኡስታዝ፣ የት ነው የተነሳው?» አለች። «ደመንሁር እንዲህ በረዶ የጣለው መቼ ነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም።

«ማን ነው የላከውስ?»

መምህር ሸውኪ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ብዙ አዩት። «እንደደረሰኝ» ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሙሉ ልብስ ለብሰው ጋሪው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ጨጓራ አለባቸው፤ ጉበትና ሚጥሚጣ ሐኪም ከከለከላቸው ቆይቷል። ቢሆንም ላብ በላብ ሆነው እየበሉ አላፊ አግዳሚውን ያስቆማሉ። «ያን ፎቶ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነው፤ ና ብላ» ይላሉ። ሰልፉ እንደ ድሮው እስኪረዝም ድረስ በየጠዋቱ እዚያው ቆሙ። ሐጅ በዩሚም ጋሪውን የመሸጡን ነገር ተወው።

ሰውየው ተለወጡ እንዳልላችሁ። በዚያው ሰሞን ነጭ ሽንኩርት በማር ጨጓራን ፈጽሞ ይፈውሳል የሚል መልእክት ላኩልን። ከሥሩ ግን «አላረጋገጥኩም፤ ሸውኪ» ይላል።

የእሳቸውን መልእክት ሳላነብ እንኳ ነው የማጠፋው። ይህን ግን አላጠፋሁትም፤ ስለዚያ ጨጓራቸው ስል እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ።