ሊቀ ባሕር ሒርሲ እና የዘገየው አረንጓዴ

ነገሩ ከሆነ በኋላ መጥቶ «ብዬ ነበር!» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር እስከ ዛሬ አልተቆረቆረም። ቢቆረቆር እንኳ ያ ሰው ጓዙን ሸክፎ ይመጣና «እዚህ ቦታ ሰፈር እንደሚቆረቆር ብዬ ነበር» ይላል። ዝናብ ሲዘንብ ብሎ ነበር፤ ሲቀርም ብሎ ነበር። የጎረቤት ልጅ ስታገባ ብሎ ነበር፤ ስትፈታ ደግሞ ከዳኛው ቀድሞ ብሎ ነበር። ከመሆኑ በፊት ምን እንዳለ የሚያስታውስ ምስክር ግን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ሌላው አገር ያሉት በሰርግና በፍቺ ሲወሰኑ፣ የእኛው ባሕርን የሚያህል ነገር ነበር የያዙት። መንደራችን ራስ ሐፉን ከሚባለው የየብስ አፍንጫ በታች፣ በአሸዋና በጨው መሃል የተቀመጠች ናት። በእሷ ላይ ነግሠው የኖሩት ክቡር ሊቀ ባሕር፣ የማዕበል አለቃ፣ የቀኝ አውራ ጣታቸው ጌታ፣ አዴር ሒርሲ ነበሩ። «አዴር» የሚለው አጎትነት የመንደሩ ነው፤ የቀረውን ማዕረግ የሾምኳቸው እኔ ነኝ፤ ሹመቱንም ያለ ማንገራገር ተቀብለዋል።

ስለ አውራ ጣቱ ላስረዳ። በሐጋ ወራት የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሲነሣ ጀልባ ሁሉ ወደ አሸዋው ይጎተትና ባሕሩ ተዘጋ ይባላል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ መረቡን እየጠገነ የጎረቤቱን ስም ይቦጫጭቃል። ባሕሩም በዚያው ሰሞን ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ ይዞራል። አረንጓዴው ከቀረ ነፋሱ ሲበርድ የምናወጣው ዓሣ የለም፤ ዓሣው ከሌለ እኛም የለንም። ስለዚህ አዴር ሒርሲ ጠዋት ጠዋት ሽርጣቸውን ሰብስበው ወደ ዳርቻው ይወርዳሉ፣ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መልአክ እንደሚያነጋግር ሰው ይቆያሉ።

«ገና ሙቅ ነው» ይላሉ በመጨረሻ። «ሙቅ ባሕር የጠገበ ይመስላል እንጂ ሆዱ ባዶ ነው።»

ትምህርታቸውን በእኔ አፍ ባቀርበው ይሻላል፤ እሳቸው ሲያቀርቡት ሻይ ይቀዘቅዛል። ባሕር ውስጥ ለዓይን የማይታይ ሣር አለ። የተማሩት ረጅም ስም አውጥተውለታል፤ እኛ የባሕር ሣር እንለዋለን። አንዱ ብቻውን ከምንም አይቆጠርም፤ ሲበዛ ግን ባሕሩን በራሱ ቀለም ይቀባዋል። ባጭሩ ሰፊው ሕዝብ ነው። ይህ ሰፊ ሕዝብ የሚመገበው ፍግ፣ የሞተ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳልና፣ ከባሕሩ ሆድ በጨለማና በብርድ ውስጥ ተከማችቷል። ፀሐይ ደግሞ ያለችው ላይ ነው። ሙቁ ውኃ ቀላል በመሆኑ እንደ ባላባት ከላይ ተንደላቆ ይተኛና የታችኛው ሀብት እንዳይወጣ ክዳን ይሆናል። ላይ ያለው ሣር በብርሃን መሃል ይራባል፤ ታች ያለው ምግብ በጨለማ ውስጥ በላተኛ ያጣል። ይህን ቅራኔ የሚፈታው ነፋሱ ነው። ባላባቱን ከዳርቻው ጠርጎ ወደ መሃል ያባርረዋል፤ በቦታው ቀዝቃዛው ውኃ ፍጉን ተሸክሞ ይወጣል። ያኔ ሣሩ ይፈላል፤ ሰርዲኑ ሣሩን ፍለጋ ይመጣል፣ ቱናው ሰርዲኑን ፍለጋ፣ እኛ ቱናውን ፍለጋ። ከዚህ የጠራ ትንተና በየትኛውም በራሪ ወረቀት ላይ አላነበብኩም። ይህን ለእሳቸው መንገር ግን ለጠላት ስንቅ ማቀበል ነበር።

ትንተናው እንከን አልነበረበትም፤ እንከኑ ቀኑ ላይ ነበር። ሰኞ «ዓርብ ይዞራል» ይላሉ። ማክሰኞ «ቅዳሜን አያልፍም»። ረቡዕ «አዲስ ጨረቃ ሳትወጣ የማይታሰብ ነው»። ከዚያ የመጣ ዕለት ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው በየደጁ ይዞራሉ፤ «ብዬ ነበር! ብዬ አልነበረም?» የሳምንቱን ቀን በሙሉ የያዘ ሰው በምን ይሸነፋል? አንድ ዓመት ደግሞ አረንጓዴ አየሁ ብለው መንደሩን ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት። ወርደን ብናይ ትናንት ከተቀባ ጀልባ የታጠበ ቀለም ሆኖ ተገኘ። የሚያፍሩ መስሏችኋል? «ቀለሙ ራሱ ምልክት ነው» አሉን፣ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው።

አውራ ጣቱ አልበቃቸው ብሎ የሚስታቸውን የኡባሕን ነጭ የብረት ሳህን ዳር ዳሩን በስተው በገመድ አንጠለጠሉት። ከቋጥኙ ላይ ሆነው ወደ ውኃው ይለቁታል። ሳህኑ ወዲያው ከዓይን ከተሰወረ ሣሩ በዝቷል፤ ቁልቁል እየወረደም ከታየ ባሕሩ ባዶ ነው።

«የሰው ባል ዓሣ ይዞ ይገባል፣ የኔው ሳህን ይዞ ይወጣል!» ትላለች ኡባሕ፣ መንደሩ እንዲሰማላት በር ላይ ቆማ።

«ሳህኑ የሚጠፋ ዕለት ነው ዓሣው የሚገኘው፣ አንቺ ሴት።»

«ሳህኑማ ከጠፋ ቆየ! እንግዳ ሲመጣ በመዳፌ ላብላው?»

አሁን በምኖርበት ከተማ የባሕሩን ሙቀትና ቀለም ከሰማይ ወዲያ ሆኖ ለክቶ በስልክ የሚያሳይ ነገር መጥቷል። ልጆቼ ከፍተው ያሳዩኛል፤ ቀዩ ሙቅ ነው፣ ሰማያዊው ብርድ፣ አረንጓዴው ሣር። ይኸው ልክ ነው፣ አይሳሳትም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የማይሳሳትን ነገር ማን ይሰድበዋል? በረጠበ እግሩ ምንጣፌን ረግጦ፣ ሻዬን ጠጥቶ፣ ስኳር አነሰው ብሎኝ አይሄድ!

ከዚያ ነፋሱ የቀረበት ዓመት መጣ።

ሐጋ ገባ፤ ባሕሩ ግን እንደ ዘይት ተኛ። ሰማያዊነቱ ሥዕል አድርገው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ነበር። እኛ ግን የጠራ ባሕር ስናይ የሚታየን የተላሰ ድስት ነው። የኡባሕ ሳህን ገመዱ እስኪያልቅ ወርዶም እንደ ጨረቃ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የክቡርነታቸው አውራ ጣት ውኃው እንደ ሻይ መሞቁን መሰከረ። ፖለቲካው ከሁላችን ቀድሞ የገባቸው ወፎቹ ናቸው፤ አንድ ጠዋት ተነሥተው ሄዱ። መረብ ብንጥል መረቡን ብቻ አወጣን። አዴር ሒርሲ «ዓርብ» አሉ፤ ዓርብ አለፈ። «አዲስ ጨረቃ» አሉ፤ ጨረቃዋም ወጥታ ሞላች።

ጎረቤታቸው ደሃቦ ባሏ የሞተባት፣ የመንደሩ ትልቁ ጀልባ ባለቤት፣ በምላስም ለእኔ መምህሬ የሆነች ሴት ናት። ቡራሌ የሚባል ግመል አርቢ ወንድሟ ወሬውን ሰምቶ እሷንና ልጆቿን ሊወስድ ከበረሃው መጣ። ደሃቦ ከሄደች መንደሩ እንደሚከተላት የማያውቅ አልነበረም፤ ግማሹ ሰው የሚቀዝፈው በእሷ ጀልባ ነው። ወደ ዘመዱ ግመል የሄደ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ አይመለስም። ጀልባው በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ልጆቹ ግመል ጠባቂ ሆነው ይቀራሉ፣ የመንደሩም ስም አብሮ ይጠፋል።

«እህቴን ከዓሣ በላተኞች መሃል ላወጣት ነው» አለ ቡራሌ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀርብለት።

«እህትህ ራሷ ዓሣ በላተኛ ናት» አልኩት።

«ስለዚህ ነዋ፣ አፏን የምታጥብበት ወተት ይዤ የመጣሁት!»

አዴር ሒርሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትንሽ ታገሥ፣ ቡራሌ። ዝናባችን ዘግይቶብን ነው።»

«ባሕር ላይ ተቀምጣችሁ የምን ዝናብ ነው የምትጠብቁት?»

«የእናንተ ዝናብ ከላይ ይዘንባል፤ የእኛው የሚዘንበው ከታች ነው። ብርዱ ሲወጣ ሣሩ ይበቅላል።»

«ከታች የሚዘንብ ዝናብ!» ቡራሌ ወደ ግመሎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ተመስገን በሉ፣ እዚህ አልተወለዳችሁም!»

በማግስቱ ጠዋት ጭነቱ ታሰረ። ጨው መሬት ላይ ለግመል የሚቀመስ ነገር የለምና ቡራሌ ይቸኩላል። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱም በልቡ የራሱን ጓዝ ይቋጥራል። ደሃቦ የመጨረሻውን ጥቅልል ከፊቷ አስቀመጠችና ወደ አዴር ሒርሲ ዞረች።

«በል አንተ ሁሉን አዋቂ! ቀን አልጠይቅህም፣ በቀን አቃጥለኸኛል። ይመጣል? አይመጣም? አንዱን በለኝና ልሂድ ወይም ልቅር።»

እኔ ስድቤን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። እሳቸው ወደ ውኃው ሄደው ጣታቸውን ነከሩ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ባሕሩን ብዙ ጊዜ አዩት፤ ተመልሰውም ዝቅ ባለ ድምፅ፦

«አላውቅም፣ ደሃቦ» አሉ።

ባሕሩ ደረቀ ቢሉን ያን ያህል ባልደነገጥን። ያን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ስንት ዓመት የጠበቅሁ እኔ፣ ቃሉ ሲመጣ ከአሸዋው ላይ ለቅሜ ወደ አፋቸው ልመልሰው አማረኝ። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች። ግመሎቹም ማመስኳታቸውን ያቆሙ መሰለኝ።

ደሃቦ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ ልጆቿን አየች። ከዚያ ጥቅልሏ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

«ቡራሌ፣ ጭነቱን አውርድ።»

«አበድሽ እንዴ?»

«ይህ ሰው ባወቀ ቁጥር ተሳስቷል። ዛሬ አላወቀም። እንግዲያው ነገሩ ተስፋ አለው!»

«ይኼ የምን ሒሳብ ነው?»

«የዓሣ በላተኛ ሒሳብ ነው፣ አንተ አይገባህም። ለስንቅ ያመጣኸውን በቅቤ የተቀመጠ ሥጋ ተውልኝና በሰላም ግባ።»

ሳቅን። ሴትዮዋ ያስያዘችው ግን የልጆቿን አፍ ነበር። ቡራሌ የሥጋውን እንስራ አስቀምጦ እየተራገመ ሄደ። ግመል ላይ ዓይኑን ጥሎ የነበረው ሁሉ ደሃቦን አይቶ ተቀመጠ።

ሊቀ ባሕር ሒርሲ ግን ቤታቸው ገብተው ተኙ። ትኩሳት ነው ተባለ። ኡባሕ እየሮጠች ወደ እኔ መጣች፤ ነጠላዋን እንኳ አልደረበችም።

«ሳህኔን ገመዱን ፈትቶ፣ በአሸዋ ፈትጎ፣ አጥቦ መለሰልኝ!» አለችኝ። «ባሌ ሊሞትብኝ ነው!»

ሄጄ በራቸው ላይ ቆምኩ። ስሕተት ሰምተው ዝም ማለት እንደማይሆንላቸው ስለማውቅ ጮክ ብዬ «አዴር፣ አረንጓዴው ከደመና ነው የሚወርደው ይላሉ፣ እውነት ነው?» አልኩ። ዝም። «ሣሩ የሚወደውም ሙቅ ውኃ ነው አሉ።» ዝም። «ሰርዲን ደግሞ አሸዋ ነው የሚበላው።» ምንጣፉ ተንኮሻኮሸ፤ የዞሩት ግን ወደ ግድግዳው ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተሸንፌ ወደ ቤቴ አልገባሁም።

የደሃቦ ሥጋ በጣት እየተቆነጠረ ለየቤቱ ተዳረሰ። በቴምርና በደረቅ ዓሣ ፍርፋሪ ከረምን። ማንም ግን ለደሃቦ «ምነው በሄድሽ ኖሮ» አላላትም፤ እሷም ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። በር ገነጠለ፣ ጣሪያ ፈታ፣ የልብስ ገመዱን ከነልብሱ ወሰደ፤ እኛም ምርቃት አወረድንለት። ውኃው ቀዘቀዘ፤ እግር የነከረ እየዘለለ ይወጣል። ነፋስ ብቻውን ግን አረንጓዴ አይደለም። ክዳኑ ይነሣል፣ ፍጉ ይወጣል፣ ሣሩ እስኪበዛ ግን ቀናት ይፈጃል። ይህን ከማን እንደተማርነው ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ አንዳችንም ግን ስማቸውን አላነሣንም።

አንድ ጠዋት ጀልባዋን ልታጠብቅ የወረደችው ደሃቦ ናት መጀመሪያ ያየችው። ስደርስ አፏን በሻሿ አፍና ቆማለች። ባሕሩ እንደ ተወቀጠ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል፤ ሽታው ራሱ ምግብ ምግብ ይላል። ልጇ ሊጮህ አፉን ሲከፍት በክርኗ አለችው።

«ዝም! ዛሬ አፉን የከፈተ ከጀልባዬ ዓሣ አይቀምስም!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ፣ መንደሩን ጥራልኝ። ወደ ኡባሕም ሂድና ጀልባዬን ነፋሱ ሊወስድብኝ ነው፣ ገመድ የሚይዝ ሰው አጥሮኛል፣ ባልሽን ቀስቅሺው በላት።»

መንደሩ ወረደ። ያየ ሁሉ አፉን ሲከፍት ደሃቦ በዓይኗ እየዘጋችው፣ ሁላችንንም ጀርባችንን ለባሕሩ ሰጥተን እንድንቆም አደረገችን። ነፋሱ ከየብስ በኩል ነበር፤ አሸዋውን እያፈሰ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ከኋላችን ወፎች ተመልሰው ይንጫጫሉ። እኛ ዓይናችንን ጨፍነን፣ አሸዋ እያኘክን፣ ስለ ግመል እንጫወታለን።

«የቡራሌ ግመሎች ወፍረው ነበር!» ትላለች ደሃቦ።

«በጣም እንጂ!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

አዴር ሒርሲ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ኡባሕን ተደግፈው ብቅ አሉ። ቁልቁለቱ መሃል ሲደርሱ ቆሙ። በጭንቅላታችን ላይ አሻግረው አዩ። ብርድ ልብሱ ከትከሻቸው ወረደ፤ አላነሡትም።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ።

«ምን ሆንን፣ አዴር?» አልኩ።

«ዓይን የላችሁም? ከኋላችሁ ያለው አይታያችሁም?»

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ደሃቦ እንባዋን በአሸዋው አመካኝታ ጠረገች።

«የቱ?» አልኳቸው።

«ዙሩ!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው ነፋሱን በለጠው። «ዙሩ እላችኋለሁ፣ እናንተ ዕውሮች!»

ዕድሜዬን ሙሉ አንዲት ቃላቸውን ታዝዤ የማላውቅ እኔ፣ ከሁሉም ቀድሜ ዞርኩ።