አንድ ማጣሪያ ለሦስት አኳሪየም

«አንድ ለሁሉም ይበቃል» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው የቡራዩ ጎረቤቴ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ጡረታ እንደወጡ ሳሎናቸው ውስጥ ሦስት አኳሪየም ደረደሩና በቱቦ አገናኝተው የሁሉንም ውሃ በአንድ ማጣሪያ ያጣሩ ጀመር።

አንድ ቀን አንዱ ዓሣ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣበት። ኦቦ ገመቹ ደንግጠው አንዱን አኳሪየም ለእሱ ብቻ ለቀቁለት።

«ለይቼዋለሁ» አሉኝ፣ እንደ ዋና ሐኪም ኮራ ብለው።

«ኦቦ ገመቹ፣ ውሃው ግን በዚያው ማጣሪያ አይደል የሚዞረው?»

«ቢዞርስ? እነሱ እንደሆነ አይገናኙ!»

ማን ይከራከራቸዋል? በሳምንቱ ሁለቱ አኳሪየሞች ባዶ ቀሩ። ኦቦ ገመቹ በሐዘን ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም፤ በሦስተኛው ወጥተው ሁለት አዳዲስ ማጣሪያ ገዙ። አሁን እያንዳንዱ አኳሪየም የራሱ ማጣሪያ አለው። የተረፈው ዓሣ ግን አንድ ነው፤ እሱም በሽተኛው።