የቆመውን ባስ ልደርብ!

[ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያካፋል። የተማሪዎች ባስ ጥጉን ይዞ ቆሟል፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ከኋላው የአንዋር ባጃጅ አለ። በውስጡ፣ ከሃላሌ ዘመድ ጥየቃ የመጡት አቶ ዳልጮ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል።]

አንዋር፦ እኔ ነኝ የምነግርዎት! መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል «እለፉ» ማለት ነው።

ዳልጮ፦ እኔ ደግሞ «ቁሙ» የምትል መሰለኝ።

አንዋር፦ ጋሼ፣ ለመሆኑ ነድተው ያውቃሉ?

ዳልጮ፦ በሬ ነድቻለሁ።

አንዋር፦ በሬ መብራት አለው?

ዳልጮ፦ የለውም። ግን ይቆማል።

አንዋር፦ [ክላክስ እየነፋ] ስምንት ዓመት ነድቻለሁ። ሕጉ እጄ ላይ ነው!

ዳልጮ፦ [አንገታቸውን አስግገው] የቱ ጋ? እጅህ ላይ መሪ ብቻ ነው የማየው።

አንዋር፦ ለእግረኛ የሚቆመው ዜብራ ሲኖር ነው። እዚህ ዜብራ አለ?

ዳልጮ፦ ኧረ የለም! ዜብራማ ነጭ ሳር ነው ያለው። ሶዶ ምን ልትሠራ ትመጣለች?

አንዋር፦ ያ አላህ! አስፋልት ላይ የሚቀባውን መስመር ነው የምልዎት!

ዳልጮ፦ እ! እሱን እኔም አንተም እናውቃለን። ልጅ ግን መች ያውቃል? ዝም ብሎ ይሻገራል።

አንዋር፦ የምን ልጅ? ልጅ ይታይዎታል?

ዳልጮ፦ አይታየኝም።

አንዋር፦ በቃ! ካልታየ የለም። ደግሞ እርስዎም ቸኩለዋል።

ዳልጮ፦ እኔ? ማን ነገረህ?

አንዋር፦ ካልቸኮሉ ለምን በእግርዎ አልሄዱም?

ዳልጮ፦ ጉልበቴን ያመኛላ።

አንዋር፦ ተውት! ልደርብ ነው።

ዳልጮ፦ ምነው፣ በረደህ?

አንዋር፦ [ሞተሩን እያስጓራ፣ ሳይሰማቸው] አዎ፣ ልደርብ ነው አልኩ እኮ!

ዳልጮ፦ ታዲያ ቶሎ አትለኝም ነበር! [ጋቢያቸውን አውልቀው ከኋላ ጣል ያደርጉበታል። ጋቢው ጭንቅላቱን ሸፍኖ ዓይኑ ላይ ይወርዳል።]

አንዋር፦ ኧረ አላይም! አላይም! [ፍሬን ይረግጣል። ባጃጁ ከባሱ ጎን ብቅ እንዳለ ቀጥ ይላል። በዚያችው ቅጽበት አንዲት ትንሽ ልጅ ቦርሳዋን አዝላ ከባሱ ፊት እየሮጠች ትወጣለች።] ጋሼ፣ አበዱ እንዴ? ሊያስጨርሱን ነው? [ጋቢውን ይገፋል። ልጅቷን ያያል። ፊቱ አመድ ይመስላል።] ሪሀና!

ሪሀና፦ [እየሳቀች] አባ! ዛሬ እኮ አክስቴ ዱንያ ሱቅ ነው የምውለው። ያው፣ ማዶ!

[አንዋር ወርዶ ልጁን ያቅፋታል። ባሱ ሄዶ መንገዱ ባዶ ሲሆን እንኳ አይለቃትም።]

አንዋር፦ ጋሼ… አይተዋት ነው ጋቢውን የጣሉብኝ?

ዳልጮ፦ አላየኋትም። የበረደህ መስሎኝ ነው።

አንዋር፦ ታዲያ ልጅ እንደሚወጣ በምን አወቁ?

ዳልጮ፦ የተማሪ ባስ ነዋ! ቆማ ምን ታወርዳለች ብለህ ነበር? ጎደሬ?

ሪሀና፦ አባ፣ አንተስ ወዴት እየሄድክ ነው?

አንዋር፦ [አቶ ዳልጮን ሰረቅ አድርጎ አይቶ] እኔ? ትምህርት ቤት። ገና መመዝገቤ ነው።