ጎል የማይፈልጉት ተጫዋች

ለከፈለበት ጨዋታ የሚሳሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። በደርግ ጊዜ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ጆተኒ የመጣ ሰሞን፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ዕድሜ ልካቸውን ገበጣ በነጻ ሲጫወቱ የኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ሽፈራው ሳንቲም ከፍለው ከእኔ ጋር ገጠሙ። ኳሷን ጎሌ አፍ ድረስ አመጧትና ወደ ኋላ መለሷት።

«ያግቧት እንጂ!» አልኳቸው።

«ምን በወጣኝ! የገበጣ ጠጠር ዞሮ ይመጣል። ይቺ ግን አንዴ ከገባች ሳጥኑ ውጧት ይቀራል።»

እኔ ላግባ ብል በረኛቸው አያሳልፍም። ወረፋ የያዘው ሰው እያጉረመረመ ተበተነ። ገበያው ሲፈታ ባለ ጆተኒው ሳንቲማቸውን መለሰላቸውና፣ «በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ ይሂዱልኝ!» አለ።

እኔማ ከእኔ ጋር የሚጫወቱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የገጠሙት እሱን ኖሯል!