የመስኮቶቹ ሹም

አየሩን የሚያስተዳድር ሰው የሌለበት ቢሮ የለም። ማንም አይሾመውም፤ የሚሽረውም አይገኝም። የእኛው ሹም የሒሳብ ክፍሉ አንጋፋ፣ ከጀርባቸው «ጋሼ መጋረጃ» የምንላቸው ሰው ናቸው።

ክቡርነታቸው ማለዳ ከጥበቃው እኩል ይገባሉ። የግራና የቀኙን መስኮት ወለል አድርገው ይከፍቱና የሌሊቱን ቅዝቃዜ ያስገባሉ። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ከውጭ ያለውን የእንጨት መዝጊያ ገርበብ ያደርጉታል። ጨለመብን ካልን መልሳቸው አንድ ነው፤ «ሙቀት ደጅ ሳለ ነው የሚመለሰው፤ ጓዳ ከገባ አይወጣም።» በብርዱ ወራት በር ሳይዘጋ የገባ ወዮለት። አንድ ኦዲተርን አስወጥተው እንደገና አስገብተዋቸዋል።

ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ስለነበር ቀንደኛ ጠላታቸው እኔ ነበርኩ። ዞር ሲሉ እከፍታለሁ፤ ዞር ስል ይዘጋሉ።

ኋላ መሥሪያ ቤቱ ከእግር እስከ ራሱ መስታወት ወደሆነ አዲስ ሕንጻ ሊዛወር ሆነ። ጋሼ መጋረጃ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብተው፣ ቢያንስ በምዕራቡ በኩል ከውጭ ጥላ ይሠራ፣ የሚከፈት መስኮትም ይኑር ብለው ለመኑ። ሥራ አስኪያጁ የአየር ማቀዝቀዣው ለምን ተገዛ ብሎ ሸኛቸው። እኛም ጆሮ ዳባ ልበስ አልን።

በገባንበት ጠዋት መስታወቱን በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ሲዳስሱ አየኋቸው። እጀታ እየፈለጉ ነበር። እጀታ የለውም።

ከዚያ ወዲህ ዝም አሉ። ማለዳ መግባት ተዉ። በር ተከፍቶ ቢውል ትንፍሽ አይሉም፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ማቀዝቀዣው ሥር ኩርምት ብለው ይውላሉ። የሰለቸን ንዝንዛቸው ነበር፤ ዝምታቸው ግን ባሰብን።

አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ፤ ማቀዝቀዣውም አብሮ ቆመ። ወዲያው ክፍሉ ምድጃ ሆነ። ሳንነጋገር የሁላችንም ዓይን ወደ እሳቸው ዞረ። ጋሼ ቀና አሉ።

«ምን ልክፈትላችሁ?»

ቁጣ አልነበረበትም። አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

በማግስቱ ከቤቴ አሮጌ መጋረጃ አምጥቼ፣ ወንበር ላይ ወጥቼ በእሳቸው በኩል ሰቀልኩ። ገብተው አዩት፤ ጨርቁን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ለቀቁት።

«ከውስጥ ነው እንዴ የሰቀልከው? ሙቀቱ እኮ ገብቷል።»

ከተዛወርን ወዲህ የመጀመሪያው ነቀፋቸው ነበር። ምን ያህል ናፍቆኝ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በሩን ሆን ብዬ ሳልዘጋ ወጣሁና፣ እስኪጠሩኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ።