ከመርዶ የቀደመ ስልክ

እውቀት ሁለት ዓይነት ነው። ወንድ ሲያወራው ትንታኔ ይባላል፤ ያንኑ ሴት ስታወራው ወሬ። ማን ወሰነ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ። ሲወስኑ እኔ ጓዳ ሳንቡሳ እየጠበስኩ ነበር።

እዚህ በስደት በምንኖርበት ሮዝቪል ከተማ እሁድ እሁድ የምንሰበሰብበት የውይይት ክበብ አለን፤ ሰብሳቢው ጋሽ ተፈራ ናቸው። ባለፈው ወር ርዕሱ «እውቀት ምንድን ነው?» ነበር። እጄን አውጥቼ፣ እኛ ሴቶች በስልክ ስንጠያየቅ የምናውቀውም እውቀት ነው አልኩ። ፈገግ አሉና «እህቴ፣ ማስረጃ የሌለው ነገር ወሬ ነው፤ እኔ ደግሞ ወሬ አልወድም» አሉኝ። ተጨበጨበላቸው። የገዛ ባሌም አጨበጨበ! ቤት ስንገባ ያገኘውን እሱ ይንገራችሁ።

እስቲ ወሬያችንን ስሙት። ማክሰኞ ዕለት የጓደኛችን የገነት ወንድም ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። እናታቸው አርፈዋል። «አደራ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ» አለኝ። ገነት ብሉሚንግተን ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል፣ ደም ግፊቷም አላስቀምጥ ብሏታል። ባሏ ትራክ ይዞ ቴክሳስ ነው። ይህን የት አነበብነው? የትም! ስለምንጠያየቅ ነው የምናውቀው። ተደዋወልንና ቆረጥን፦ ባሏ ሐሙስ ማታ ይገባል፤ ዓርብ ኦፍ ናት፤ ጎህ ሲቀድ አብረን ሄደን እናረዳታለን፤ ነርሷ ጓደኛችን ደግሞ የግፊት መለኪያዋን ትይዛለች። እስከዚያው ለእናቷ እያለቀስን ከእሷ ጋር ስለ ሕፃን አልጋ ስንስቅ ሰነበትን። ቀላል ይመስላችኋል?

ሐሙስ ከሰዓት ጋሽ ተፈራ ስልካቸው ላይ የሐዘን መግለጫ ያያሉ። ፎቶ ያለው ማስረጃ! ጊዜም አላጠፉ። ገነት ጋ ደውለው «ሰማሁ፣ እግዜር ያጥናሽ፤ እናት አትተካም» አሏት። ሃይዌይ ላይ ድራይቭ እያደረገች ነበር።

እግዜር ይይላቸው! ቆይ፣ ማወቅ ማለት መስማት ብቻ ነው እንዴ? ለማን፣ መቼ፣ ማን አጠገቧ ተቀምጦ የሚለውስ? እሱ ከእውቀት አይቆጠርም? መኪናዋን ዳር እንዴት እንዳስያዘች እንጃ። ወደ እኔ ስትደውል የሰማሁት ጩኸት ብቻ ነበር። ከሥራ የምትመለስበትን መንገድ ስለምናውቅ በረን ደረስን፣ ሆስፒታል አስገባናት። ሁለቱም ተረፉ። የእኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም።

ጋሽ ተፈራ ለቅሶ ቤት መጡ። አጠገቤ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ይቅርታ ሊሉ መስሎኝ ነበር። ሞኝነቴ! ለካ ቅር ብሏቸው ኖሯል። ከማክሰኞ ጀምሮ እያወቃችሁ እንዴት ለእኔ አትነግሩኝም፣ እኔ ባዕድ ነኝ ወይ ብለው ወቀሱኝ።

«ኧረ ጋሼ» አልኳቸው፣ «ወሬ አይወዱም ብለን ነው።»